የሚሸጥ መኪና በዉድዋርድ ጐዳና

አንባቢ ሆይ፤ አሜሪካ አገር ለመሄድ ዕድል ያጋጠመህ እንደ ሆነ፥ ወዳጆችህ አስቀድመው የሚያሳዩህ የኒው ዮርክን ሰማይ ጠቀስ ፎቆችና የዋሽንግተንን ነጭ የእብነ በረድ ቤቶች ነው። እነርሱን ማየት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሥዕላቸውን ገና በተማሪ ቤት ሳለህ አይተኸዋል። እኔ ዛሬ ይዤህ ልሄድ የምፈልገው እንግዳ ብዙ ወደማይጎበኘው፥ በሚሺጋን ግዛት ወዳለ አንድ ጐዳና ነው። ስሙ ዉድዋርድ ይባላል። ከዲትሮይት ከተማ ከወንዙ ዳር ይነሣና ወደ ሰሜን ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ፖንቲያክ ከምትባል ከተማ ይደርሳል።

ጐዳናው ውብ ነው ብዬ አላታልልህም። ብዙው ክፍል ሰፊና ቀጥ ያለ፥ ግራና ቀኙ ጎማ መሸጫ፥ ቡና ቤት፥ ነዳጅ ማደያና ቤተ ክርስቲያን ተራ በተራ የቆሙበት መንገድ ነው። ሆኖም በዓመት አንድ ቀን፥ በኦገስት ወር በሦስተኛው ቅዳሜ፥ ማለት በእኛ አገር ጾመ ፍልሰታ ተይዞ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ሰሞን፥ ዉድዋርድ እንደ ንግሥ ቀን ይሆናል። ሕዝቡ ከጠዋት ጀምሮ ወንበሩን ይዞ በመንገዱ ዳር ይሰለፋል፤ የድሮ መኪናዎችም እየታጠቡና እየተወለወሉ ወጥተው በዝግታ ያልፋሉ። ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ በፊት መስተዋታቸው ላይ «ይሸጣል» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። የምነግርህ ከእነዚህ ወረቀቶች ስለ አንዱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ግን ጐዳናውን ከሥሩ እንያዝ። ዲትሮይት በ1805 በእሳት ከነደደች በኋላ የከተማይቱን አዲስ ፕላን ያወጡት አንድ ዳኛ ነበሩ፤ ጐዳናውም የሚጠራው በእርሳቸው ስም ነው። ከወንዙ ወደ ላይ ስትወጣ በ1928 የተሠራውን ፎክስ የተባለ ትልቅ ቲያትር ቤት ታያለህ። ጥቂት አለፍ ብሎ የሥዕል ሙዚየም አለ። የሜክሲኮው ሠዓሊ ዲዬጎ ሪቬራ በ1932 እና በ1933 የፎርድን ፋብሪካ ሠራተኞች በግድግዳው ላይ ስለ ሣለ፥ ከዚያ ሳትገባ አትለፍ። ከዚያ በኋላ ሃይላንድ ፓርክ ይመጣል። ሄንሪ ፎርድ በ1913 መኪናው በሠንሰለት እየተጎተተ በሠራተኛው ፊት እንዲያልፍ ያደረገው እዚህ ነው፤ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው የአንድ መኪና ገጠማም ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወረደ። በሚቀጥለው ዓመት የቀን ደመወዝ 5 ዶላር እንዲሆን ታወጀ። ሕንፃው ዛሬም በከፊል ቆሟል፤ ብዙ መስኮቶቹ ግን መስተዋት የላቸውም።

እኛ አራት ኪሎ፥ አምስት ኪሎ፥ ስድስት ኪሎ እንደምንል፥ የዲትሮይትም ሰዎች ዉድዋርድን የሚያቋርጡትን መንገዶች ስድስት ማይል፥ ሰባት ማይል፥ ስምንት ማይል እያሉ ይጠሯቸዋል። በስድስት ማይልና በሰባት ማይል መካከል ያለው በ1909 በኮንክሪት ሲነጠፍ በአሜሪካ ለአውራ ጐዳና የመጀመሪያው ነበር ይባልለታል። ስምንት ማይልን ስታልፍ የዲትሮይት ወሰን ያበቃል። እስከዚያ ድረስ ባዶ ቦታ፥ ሣር የበቀለበት መሠረት፥ መዝጊያው የተመታ ቤት እያየህ መጥተሃል። በ1950 የከተማይቱ ሕዝብ 1,849,568 ነበር፤ በ2020 ሲቈጠር 639,111 ሆኖ ተገኘ። በ2013 ማዘጋጃ ቤቱ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ከሰረ። ይህን የነገርሁህ ለሐሜት አይደለም። ቀጥሎ የምታየውን ሰልፍ ያለዚህ ብታየው የሀብታሞች ጨዋታ ብቻ ይመስልሃል ብዬ ስለ ፈራሁ ነው።

ከወሰኑ ወዲያ ፈርንዴል፥ ሮያል ኦክ፥ በርሚንግሃም የተባሉ ደህና ደህና ከተሞች ይከታተላሉ። የመኪናው በዓል የተጀመረው በ1995 በፈርንዴል ሲሆን፥ ሐሳቡን ያመነጨው አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። የፈለገውም ለሕፃናት እግር ኳስ ሜዳ የሚሆን ገንዘብ ለመሰብሰብ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት እንኳ ከታሰበው በብዙ እጥፍ ሕዝብ ወጣ። ዛሬ አዘጋጆቹ ሰዉን በሚሊዮን፥ መኪናውን በ40,000 ይገምቱታል። እኔ አልቆጠርሁም፤ ነገር ግን ጆሮዬ እስከ ሦስት ቀን ሲጮኽ ሰንብቷል።

አሁን ወደ መኪናው ልምጣ። አሜሪካኖች «መስል ካር» የሚሉት፥ እኛ ባለ ጡንቻ መኪና ልንለው የምንችለው ዓይነት አለ። ነገሩ ቀላል ነው። መካከለኛ ቁመት ያለውንና ዋጋው የማይከብደውን ተራ መኪና ትወስድና የትልቁን መኪና ሞተር ትከትበታለህ። ፍሬኑና መሪው ብዙም አይለወጥም፤ ስለዚህ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንደ ጥይት ይወነጨፋል፥ ጠመዝማዛ ላይ ግን ሾፌሩን ጸሎት ያስተምረዋል። ዝናውን ያወጣው በ1964 የወጣው የፖንቲያክ ጂ ቲ ኦ ነው። የኩባንያው ዋና መሐንዲስ ጆን ዴሎሪያንና ባልደረቦቹ 389 ኪዩቢክ ኢንች፥ ማለት 6.4 ሊትር የሚሆነውን ሞተር ቴምፐስት በተባለው መካከለኛ መኪና ውስጥ አገቡት። ስሙንም ከኢጣሊያኑ ፌራሪ ያለ ኀፍረት ወሰዱት።

ሆኖም ችግር ነበረ። ፖንቲያክ የጄኔራል ሞተርስ አንዱ ክፍል ነበር፤ የበላዩ መሥሪያ ቤት ደግሞ በመካከለኛ መኪና ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የሚበልጥ ሞተር እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ታዲያ ምን አደረጉ? አዲስ ሞዴል ነው አላሉም፤ በነባሩ ሞዴል ላይ ገዢው ሲፈልግ 295 ዶላር ያህል ጨምሮ የሚያዝዘው ተጨማሪ ዕቃ ነው አሉ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆንህ አንባቢ ይህ ዘዴ አይጠፋህም፤ አዲስ የበጀት አርእስት አይፈቀድም ቢባል በነባሩ አርእስት ሥር «ልዩ ልዩ ወጪ» ብሎ እንደሚያስገባ ብልህ ጸሐፊ ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት 32,450 መኪና ተሸጠ፤ ከዚያም በኋላ ከበላይ የተቆጣ አልነበረም። በ1966 ጂ ቲ ኦ ራሱን የቻለ ሞዴል ሆነና በዚያ ዓመት 96,946 ተሠራ። ከእነዚህ ጣሪያቸው ሸራ ሆኖ ወደ ኋላ የሚታጠፍላቸው 12,798 ብቻ ነበሩ። እነዚህን ቁጥሮች ልብ በል፤ ኋላ ዋጋ ይሆናሉ።

በዚያ ዘመን ዉድዋርድ የወጣቶች መዋያ ነበር። የፋብሪካ ደመወዝ ያገኘ ልጅ መኪናውን ይገዛና ማታ ማታ ይወጣል፤ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ምግብ የሚቀርብለት ቤት ይሄዳል፤ ከዚያም ከመብራት እስከ መብራት ይሽቀዳደማል። ቀይ መብራት ላይ ጎን ለጎን ቆሞ መተያየት፥ አረንጓዴ ሲበራ መወርወር ነው። ሕግ የሚከለክለው ነበር፤ ሞኝነትም ነበር፤ የሞተበትም አለ። ዘመኑ ግን ብዙ አልቆየም። የወጣቶች የመድን ዋጋ ናረ፤ በ1970 የአየር ንጽሕና ሕግ ወጣ፤ በ1973 መጨረሻ ዓረቦች ነዳጅ ሲከለክሉ ሰዉ በማደያ በር ላይ ተሰለፈ፤ ትልቁም ሞተር እንደ ነውር ተቈጠረ። መኪናዎቹ ለርካሽ ዋጋ ተሸጡ፥ ተጋጩ፥ በየጓሮው ተጣሉ።

ከዚያም ጨው በላቸው። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ በዲትሮይት ከተማ ሥር፥ ከ300 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት፥ ሰፊ የጨው ማዕድን አለ። በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከዚያ ይወጣል። ጨውም ላሜራውን ከሥር ይቦረቡረዋል። ከተማይቱ ከላይ የሠራችውን ከሥሯ ባወጣችው ታስበላለች። ተጣጣፊ ጣሪያ ያላት መኪና ደግሞ ከላይም ውኃ ይገባባታልና ወለሏ ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከ12,798ቱ ስንቱ በሕይወት እንዳለ ስታስብ፥ አንዷን ከሞት አስነሥቶ የሚሸጥ ሰው ምን ይዞ እንደ ቆመ ይገባሃል።

እኔ ያየኋት በሮያል ኦክ ከአንድ ሱቅ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ነበር። ጥቁር ሰማያዊ ናት፤ ሸራዋ ነጭ፤ ፓራውልቷ መልክ ያሳያል። በመስተዋቷ ላይ የተለጠፈው ወረቀት በእጅ የተጻፈ ሲሆን እንዲህ ይላል፤ «1966 ጂ ቲ ኦ። ሙሉ በሙሉ የታደሰች። 78,000 ዶላር። ወረቀቷን ሳታነብ ዋጋ አትቀንስ።» ባለቤቷ የ78 ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ ከጎኗ ባለች ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ ወፍራም ፋይል ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። በፖንቲያክ ፋብሪካ በላሜራ መምቻው ክፍል 31 ዓመት ሠርተዋል። ከየት እንደ መጣሁ ጠየቁኝና ነገርኋቸው። «እናንተ ዘንድ የድሮ መኪና ያድሳሉ?» አሉኝ። በአዲስ አበባ ቮልስ የሚያድስ ሰው ሞልቷል አልኋቸው። «እንግዲያው ቁጭ በል፤ ነገሩ ይገባሃል» ብለው ወንበር ሰጡኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድማቸው በ1966 እንዲህ ያለች አዲስ መኪና ነበረው። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ቬትናም ሲዘምት ሸጣት፤ ሲመለስም የት እንደ ገባች አላገኛትም። ሁለቱም ጡረታ ከወጡ በኋላ በኦሃዮ ግዛት በአንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ሌላ አገኙ። ወለሏ ተበልቶ መሬቱን ታሳያለች፤ ሸራዋን አይጥ ጨርሶታል። ገዝተው በጋራዣቸው አስገቧትና ዘጠኝ ዓመት ሠሩባት።

አንባቢ ሆይ፤ «ሙሉ በሙሉ የታደሰች» የሚለውን ቃል ማንም ይጽፈዋል። ቀለም ተቀብቶ ወንበሩ የተለበሰ ሁሉ ታደሰ ይባላል። እውነተኛው እድሳት ግን ገላዋን ከሻንሲዋ ማንሣት ነው። እያንዳንዱ ብሎንና ዳዶ ይፈታል፤ በከረጢት ይገባና ስሙ ይጻፍበታል። ሻንሲው በአሸዋ ግፊት ተጠርጎ ብረቱ እስኪነጣ ድረስ ይራቆታል። የተበላው ላሜራ ተቆርጦ በአዲስ ይበየዳል እንጂ በስቱኮ አይሞላም። ሞተሩ ይገረባል፥ ካምቢዮው ይፈታል፥ የኤሌክትሪኩ ሽቦ እንደ አዲስ ይዘረጋል፤ ሸራውን የሚያነሣው የዘይት ፓምፕ ሳይቀር ይታደሳል። ከዚያ ቀለሙ ይቀባል፥ ይፈገፈጋል፥ እንደ ገና ይቀባል። በእኔ ግምት ዛሬ በዉድዋርድ የሚያልፉት ከፋብሪካ በወጡበት ቀን እንዲህ አልተወለወሉም። እንዲያውም አንዳንዶቹ አዳሾች የፋብሪካው ተቆጣጣሪ በጠመኔ የሚያደርገውን ምልክት በሻንሲው ላይ መልሰው ይሥላሉ። እኔን ይህ ትንሽ አሳቀኝ፤ ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «እኔ ያን ምልክት ስፈራ ነው የኖርሁት» አሉ።

ወንድምየው ሥራው ካለቀ በኋላ ሦስት በጋ ነድቷት ሞተ። ሽማግሌው ደግሞ ግራ ጉልበታቸው ተቀዶ ጥገና ስለ ተደረገለት ፍሪሲዮኑን መርገጥ አቃታቸው። ባለቤታቸው በመጦሪያ ቤት ናቸው፤ የወሩም ሒሳብ ከጡረታው ይበልጣል። ስለዚህ መኪናዋ ትሸጥ። ነገሩ ይህን ያህል ነው፤ እርሳቸውም ከዚህ አላስረዘሙትም።

ፋይሉን ከፍተው ያሳዩኝ ጀመር። መኪናዋ የምትታወቅበት ቁጥር 242676P ብሎ ይጀምራል። 242 ማለት ጂ ቲ ኦ ናት፤ 67 ማለት ከመነሻው ጣሪያዋ ተጣጣፊ ነው፤ 6 ዓመቷ ነው፤ በላቲን ፊደል የተመታችውም ፒ የፖንቲያክ ፋብሪካ ናት። በ1964 እና በ1965 ግን፥ ያ የበጀት አርእስት ዘዴ ስላለ፥ ቁጥሩ ጂ ቲ ኦ መሆኗን አይናገርም። ተራውን ቴምፐስት ገዝቶ ምልክት የለጠፈበትን ከእውነተኛው ለመለየት የፋብሪካውን ወረቀት ማምጣት ግድ ነው። ደግነቱ የድሮው የሽያጭ መዝገብ በፊልም ተቀድቶ ተቀምጧል፤ ቁጥሩን ልኮ ገንዘብ ለከፈለ ሰው ግልባጩ ይመጣለታል። መዝገብ ቤት የምትሠራ አንባቢ፥ አቧራ የጠገበውን ፋይልህን እንዳትንቅ።

ከዚያ ኮፋኖውን አነሡት። የቆመው ሰው ሁሉ «ኦ!» አለ። በሞተሩ ራስ ላይ ሦስት ካርቡራቶር በተርታ ተቀምጧል። በ1966 ጂ ቲ ኦ ሁለት ዓይነት ሞተር ነበራት፤ አንድ ካርቡራቶር ያለው 335 የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ፥ ሦስት ያለው 360 ይሰጣል። ሦስቱ በዚያ ሞዴል የቀረቡት እስከዚያ ዓመት ብቻ ስለ ሆነ ፈላጊያቸው ብዙ ነው፤ የዋጋው ልዩነትም ብዙ ሺሕ ዶላር ነው። ሽማግሌው ሰዉ አይቶ እስኪጠግብ ጠበቁና የፋብሪካውን ግልባጭ አውጥተው በኮፋኖው ሥር አኖሩት። ወረቀቱ አንድ ካርቡራቶር ይላል። በሞተሩ ላይ የተመታውም ፊደል ደብሊው ቲ ነው፤ የሦስቱ ቢሆን ደብሊው ኤስ ይሆን ነበር። ሦስቱን የገጠመው ወንድማቸው ነው፤ ፊተኛይቱ መኪናው ሦስት ስለ ነበራት።

ጠዋት አንድ ደላላ መጥቶ ነበር። ፋይሉን አገላብጦ ካየ በኋላ «ይህን ገጽ ቤት ትተውት ቢመጡ ምን ነበረበት? ፊደሉን ፍቆ በአዲስ የሚመታ ሰው አውቃለሁ፤ 20,000 ዶላር ይጨምርልዎታል» አላቸው አሉ። እንዲህ ያለ ሥራ በእርግጥ አለ፤ የመኪና ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ማጭበርበር ነው። እኔም የመጦሪያ ቤቱን ሒሳብ እያሰብሁ ምን እንደ መለሱለት ጠየቅኋቸው። «ሰውየው 20,000 ዶላር ከየት እንደሚመጣ አልነገረኝም፤ ከሚገዛው ሰው ኪስ ነዋ» አሉና ዝም አሉ።

ታዲያ በትልቁ ሐራጅ ለምን አልሸጧትም ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። እኔም ጠይቄያቸው ነበር። በአሪዞና በረሃ ስኮትስዴል በምትባል ከተማ ባሬት ጃክሰን የተባለ ድርጅት ከ1971 ጀምሮ ሐራጅ ያካሂዳል፤ በየጃንዋሪው የአገሩ መኪና ወዳድ ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። እንዲህ ባሉት መድረኮች ላይ የሚነገረው ዋጋ ራስ ያዞራል። በ1971 ፕሊመዝ የሠራት ጣሪያዋ ተጣጣፊ ሄሚ ኩዳ በጠቅላላው 11 ብቻ ስትሆን፥ ከእነርሱ አንዷ በ2014 በሲያትል ሐራጅ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች። ይህን የሰማ ሁሉ ጋራዡ ውስጥ ያለችው የእርሱም ሚሊዮን የምታወጣ ይመስለዋል። ነገር ግን ወደ አሪዞና ማጓጓዣ አለ፥ የመመዝገቢያ ገንዘብ አለ፥ ሐራጁ ከሻጭም ከገዢም የሚቆርጠው አለ። መኪናዋም መድረክ ላይ የምትቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ሁለት የሚፎካከሩ ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ከሌሉ የዘጠኝ ዓመት ድካም በርካሽ ይሄዳል፤ መነሻ ዋጋ ሳይወሰን ከቀረበች ደግሞ መመለስ የለም። «በዚያ መድረክ ላይ ወረቀቱን ለማንበብ ማን ጊዜ አለው?» አሉኝ ሽማግሌው።

ሌላም ነገር አለ። እነዚህን መኪናዎች ሲመኙ ያደጉት ሰዎች ዛሬ የእርሳቸው እኩዮች ናቸው፤ ጉልበታቸውም እንደ እርሳቸው ነው። ከእነርሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ገንዘብ ሲያገኝ የሚመኘው በልጅነቱ ያያትን ነው፤ እርስዋም በአብዛኛው የጃፓን መኪና ናት። በሰልፉ ላይ ከሽበታሞቹ ሾፌሮች ጎን የሚቀመጡትን የልጅ ልጆች ስመለከት ግማሾቹ ስልካቸውን ያያሉ። ዛሬ 78,000 የተጻፈባት ወረቀት ከ15 ዓመት በኋላ ስንት እንደሚጻፍባት አላውቅም፤ ከፍ ይላል ብዬ ግን ገንዘቤን አላስይዝም።

ከቀትር በኋላ አንድ 50 ዓመት የሚሆነው ሰው መጣ። ከቶሌዶ ነው። እንደ ሌሎቹ ሥዕል አላነሣም፤ ከኪሱ ትንሽ ማግኔት፥ የእጅ ባትሪና መስተዋት አወጣ። ማግኔቱን በጨርቅ ጠቅልሎ በፓራፋንጎው ላይ፥ በበሮቹ ታች፥ በኋላ ጎማዎቹ ዙሪያ አስኬደው፤ ስቱኮ ካለ ማግኔቱ አይይዝም። ከዚያ መሬት ላይ ተጋድሞ ሻንሲውን በባትሪ አየ። ጣሪያ የሌላት መኪና እንዳትጣመም ሻንሲዋ ከፋብሪካ ሲወጣ በአራት ጎኑ ዝግ ሆኖ ይሠራል፤ ጣሪያዋ ተቆርጦ ተጣጣፊ የተደረገች አስመሳይ በዚህ ትታወቃለች። ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና ፋይሉን ጠየቀ። አንድ ሰዓት ያህል አነበበ። የእያንዳንዱ ዕቃ ደረሰኝ፥ የእያንዳንዱ ደረጃ ፎቶግራፍ፥ የበሰበሰው ወለል ሳይቀር ተለጥፏል። በመጨረሻው ገጽ የወንድምየው ጽሕፈት ድምሩን ይናገራል፤ ለዕቃና ለቀለም ብቻ 93,000 ዶላር። የጉልበት ሒሳብ የለም።

«ሦስቱ ካርቡራቶር የእርሷ አይደሉም» አለ ሰውየው።

«አይደሉም። የፋብሪካው አንዱ በሣጥን አለ፤ አብሮ ይሰጥሃል።»

«ስለዚህ ነገር እርስዎ ባይነግሩኝ ፊደሉን አይቼ አገኘው ነበር።»

«አውቃለሁ። አንተ ታገኘው ነበር። ቀጥሎ የሚመጣው ግን ላያገኘው ይችላል።»

ሰውየው 65,000 አለ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቱ እንዲህ ያለች መኪና እንደ ነበረው፥ እርሱም ከኋላ ወንበር ተቀምጦ በዚህ ጐዳና እንዳለፈ ተናገረ፤ ይህ ግን ዋጋውን አልለወጠም፤ ሽማግሌው እንዲህ ያለ ታሪክ በዚያ ቀን ስድስት ጊዜ ሰምተዋል። 68,000 ተባለ። እንደ ገና ዝም ተባለ። በመጨረሻ 71,500 ላይ ተጨባበጡ። የገዢው ቀብድ 2,000 ዶላር ሆነና በአንድ ገጽ ውል ተጻፈ፤ በውሉም ላይ ሽማግሌው ስለ ካርቡራቶሩ አንድ መስመር አስገቡ። እንግዲህ አስላው፤ ከወጪው 21,500 ዶላር ጎደለ። ዘጠኙን ዓመት ከቈጠርህ ሒሳቡን አትጨርሰውም።

ሰኞ ጠዋት ባንኩ ዘንድ ና ስላሉኝ ሄድሁ። በዚህ ንግድ ሐሰተኛ ቼክ ብዙ ስለ ሆነ፥ ጠንቃቃ ሻጭ ቼኩን በገዢው ባንክ ቅርንጫፍ፥ ዓይኑ እያየ ያስጽፋል እንጂ ከቤት ተጽፎ የመጣ አይቀበልም። ሊብሬዋንም ገንዘቡ ሳይረጋገጥ አይፈርምም። ሽማግሌው ሊብሬዋን በጀርባዋ ፈረሙ፤ ፋይሉን፥ ሣጥኑንና ሁለቱን ቁልፎች አስረከቡ። በሚሺጋን ሕግ ታርጋው የባለቤቱ እንጂ የመኪናዋ አይደለም፤ ሻጩ ፈትቶ መውሰድ አለበት። ሽማግሌው ካቻቢቴ ከኪሳቸው አውጥተው መንበርከክ ሲያቅታቸው ገዢው ተቀብሎ ፈታላቸው። እርሳቸው ታርጋውን በመሐረብ ጠርገው በብብታቸው ያዙ፤ ሰውየው ደግሞ ከኦሃዮ ያመጣውን ጊዜያዊ ታርጋ አሰረ።

«ጠዋት ስታስነሣት ቤንዚን መስጫውን ሁለት ጊዜ ብቻ ርገጥና እግርህን አንሣ» አሉት። «ሦስተኛ ከረገጥህ ትሰምጥብሃለች።»

ሰውየው ሁለት ጊዜ ረገጠ፤ ሞተሩ ተነሣ። ሸራውን አጠፈና ወደ ዉድዋርድ ወጣ። የመጀመሪያው መብራት ቀይ ያዘው። ሽማግሌው ታርጋቸውን በብብታቸው እንደ ያዙ ቆመው ይመለከቱ ነበር፤ አረንጓዴ ሲበራም ሰውየው እንደ ወጣት ሳይወረወር፥ ማርሹን ቀስ ብሎ አስገብቶ ወደ ደቡብ ሄደ።